ባሕር ዳር ላይ ምንጣፍ በየትኛው መንገድ ይታጠብ? አማራጮቹን በመድረቂያ ጊዜያቸው የሚመዝን ንጽጽር

ሰው ምንጣፍ አጣቢ የሚያፈላልገው በዓል ሲቃረብ ነው። ለእንቁጣጣሽ መጋረጃ ይወርዳል፣ ሶፋ ይነሣል፤ ከሶፋው ሥር የነበረው ክፍልና ሰው ሲረግጠው የከረመው ክፍል ቀለማቸው ተለያይቶ ሲታይ «ይኼማ ሳይታጠብ በዓል አይገባም» ይባላል። ምርጫው ግራ የሚያጋባው ከዚያ በኋላ ነው። ጓሮ ዘርግቶ በብሩሽ መፈግፈግ አለ፤ በባጃጅ ጭኖ ላቫጆ መውሰድ አለ፤ ማሽን ይዘው ቤት ድረስ የሚመጡ አሉ፤ ወስደው፣ አጥበውና አድርቀው የሚመልሱም አሉ። ሁሉም «ጥልቅ እጥበት» ነው የሚሉት፤ ዋጋውና ውጤቱ ግን ለየቅል ነው።

የማንንም ድርጅት ስም አልጠራም። መመዘኛዎቹን አስቀድሜ እያንዳንዱን መንገድ በነሱ አያለሁ። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር፦ እኛ ከተማ ምንጣፍ በብዛት የሚበላሸው ሲደርቅ ነው። ስለዚህ አጣቢን ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት «የት ነው የምታደርቁት? በስንት ሰዓት?» ተብሎ ነው።

መመዘኛዎቹ

*መድረቂያው።* ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ጠዋት የተሰጣ ስስ ምንጣፍ ከሰዓት በኋላ ይነሣል። በነሐሴ ያው ምንጣፍ በረንዳ ላይ ሁለት ቀን ተንጠልጥሎ ጀርባው ገና ይቀዘቅዛል። እርጥብ ምንጣፍ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምረዋል። ሽታው ይቀድማል፣ ጀርባው ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ይከተላል። ጀርባው የቃጫ ከሆነ ደግሞ ቃጫው ረጥቦ ሲቆይ ቡናማ ውሃ ይለቅና ነጣ ያለው ፀጉር ላይ መስመር ሠርቶ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «በደንብ አላጠቡትም» ይላል፤ በደንብ ያልደረቀ መሆኑ ትዝ የሚለው ጥቂት ነው።

*ምንጣፉ የተሠራበት ነገር።* በየቤታችን ያለው የሚበዛው የቱርክ የሚባለው የማሽን ምንጣፍ ነው፤ ፀጉሩ ብዙ ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር፣ ጀርባው ቃጫ፣ ቃጫውን ከፀጉሩ ጋር የያዘው ደግሞ የላስቲክ ማጣበቂያ ነው። የበግ ሱፍ ምንጣፍ ያለው ሰው ያነሰ ነው፤ ያለውም አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ የወረሰው ነው። ሻጩ «ሱፍ ነው» ስላለ ብቻ አትመኑ። ከዳሩ አንድ ክር መዛችሁ በወረንጦ ያዙና ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ሆናችሁ ለኩሱት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቁት ቶሎ ይጠፋል፣ የቀረውም በጣት ሲነካ ጥቁር ዱቄት ሆኖ ይበተናል። ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር ከሆነ ይሸበሸብና ይቀልጣል፤ ሲበርድም በጣት የማይፈርስ ጠጣር ጠብታ ይሆናል።

ይህ ሙከራ የሚጠቅመው ሁለቱ ክሮች ጠላታቸው ስለሚለያይ ነው። ሱፍን በረኪና ይበላዋል፣ የፈላ ውሃ ያኮማትረዋል፣ ኃይለኛ የልብስ ሳሙና ያደርቀዋል፤ ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ነው የሚታጠበው። ብልም የሚገባው እሱን ነው። ፖሊፕሮፒሊን ብል አይነካውም፤ ውሃም አይመጥም፣ ስለዚህ ፀጉሩ ቶሎ ይደርቃል (ጀርባው ግን አይደርቅም፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው)። ቅባት ይይዛል፣ ፍም ሲነካው ይቀልጣል።

ቀለም ይለቅ አይለቅ ለማወቅ ነጭ ጨርቅ በሳሙና ውሃ አርጥባችሁ በማይታይ ጥግ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ተጫኑት። ጨርቁ ላይ ቀለም ካያችሁ ያ ምንጣፍ ውሃ ውስጥ አይነከርም።

*ቆሻሻው።* አቧራ ሌላ፣ የወጥ ቅባት ሌላ፣ የሕፃን ሽንት ሌላ ነው። አቧራ በደረቁ ነው የሚወጣው። ሳይራገፍ ውሃ የነካው አቧራ ጭቃ ይሆንና ሥር ይይዛል። የቀይ ወጥ ቅባት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይለቀዋል። የአልጫው እርድ ግን ከሳሙና ይልቅ ፀሐይ ነው የሚያነሣው፤ ከታጠበ በኋላ ቢጫው ቦታ ፀሐይ ላይ ሲቆይ እየሳሳ ይሄዳል። ደምና ወተት በቀዝቃዛ ውሃ ካልሆነ በሙቅ ይጋገራሉ። ሽንት ፀጉሩን አልፎ ጀርባው ድረስ ስለሚወርድ ከላይ ከላይ የሚያጥብ መንገድ ሁሉ አይደርስበትም፤ እንዲያውም እርጥበቱ የተኛውን ሽታ ይቀሰቅሰዋል። የከሰል ቃጠሎ ጨርሶ ቆሻሻ አይደለም፤ ማንም አጥቦ አያስለቅቀውም፣ የቀለጠውን ጫፍ በመቀስ መከርከም ነው። ቡና በሚፈላበት ቦታ ቄጠማ የሚጎዘጎዝ ከሆነም ምንጣፉን ቀድሞ ማጠፍ ይሻላል፤ የተረገጠ ቄጠማ አረንጓዴው በቀላሉ አይለቅም።

*ውሃ፣ መብራትና ብር።* ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው ጓሮ ላይ አጥባለሁ ሲል ሮቶውን ማየት አለበት። ማሽን የሚጠራም መብራት ቢጠፋ ግማሹ የረጠበ ምንጣፍ እንደሚቀርበት ያስብ። ዋጋን በተመለከተ አንዳንዱ በካሬ፣ አንዳንዱ በፍሬ ይተምናል። ሁለት በሦስት የሆነ ምንጣፍ ስድስት ካሬ ነውና የሁለቱን ሒሳብ አስተያዩ፤ የባጃጁን ደርሶ መልስም ጨምሩበት።

መንገዶቹ አንድ በአንድ

*በደረቁ ማራገፍና በቫኪዩም መሳብ።* ብዙ ሰው እንደ እጥበት አይቆጥረውም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው። ምንጣፉን ገልብጣችሁ ፀጉሩ ወደ መሬት እንዲሆን ዘርጉና ጀርባውን በሰፊ ነገር ምቱት። በቀጭን ዱላ አትምቱት፤ ማጣበቂያውን ይሰብረዋል። ስታነሡት ሊሾው ላይ የሚቀረው አሸዋ ያስደነግጣል። ያ አሸዋ ነው በተረገጠ ቁጥር የፀጉሩን ሥር እየሞረደ ምንጣፉን የሚያሳሳው። ቫኪዩም ያለው ሰው መጀመሪያ ጀርባውን፣ ቀጥሎ ፊቱን ቀስ ብሎ በሁለት አቅጣጫ ይሳብ። የሚደርቅ ነገር ስለሌለ በማንኛውም ወር ይሠራል። ቅባትና ሽንት ላይ ግን አቅም የለውም። ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ማሳደር ሽታ ይቀንሳል፣ ቆሻሻ አያወጣም።

*ጓሮ ላይ በእጅ ማጠብ።* ግቢ፣ ውሃና ሁለት ጉልበተኛ ላለው ሰው ርካሹ መንገድ ነው። ውጤቱ የሚለየው በአለቃለቁ ነው። ሳሙና የበዛበት ምንጣፍ ሲደርቅ ይሻክራል፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥም ከቀድሞው ብሶ ይቆሽሻል፤ የቀረው ሳሙና አቧራ ይይዛልና። የልብስ ዱቄት ሳሙና በእፍኝ ከመበተን ፈሳሽ ሳሙና በባልዲ ውሃ በጥብጦ ለስላሳ ብሩሽ መጠቀም ይሻላል። አለቅልቆ ማብቃቱን ለማወቅ የመጨረሻውን ውሃ በብርጭቆ ቀድታችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ አረፋ ካነሣ ይቀረዋል።

ከዚያ ምንጣፉን ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉና ግድግዳ አስደግፋችሁ አቁሙት፤ አብዛኛው ውሃ በራሱ ይወርዳል። የራሰ ትልቅ ምንጣፍ ቀጭን ሽቦ ላይ መስቀል ስህተት ነው፤ ክብደቱ ያጥፈዋል፣ ማጣበቂያው በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ የሽቦው ዝገትም ያትምበታል። ሰፋ ያለ አጣና ወይም የበረንዳ ግንብ ይሻላል። የሱፍ ምንጣፍ ቀለሙ እንዳይለቅ ጀርባውን ለፀሐይ፣ ፊቱን ለጥላ ይስጡት።

ሰፊ ውሃ አለ ብሎ ጣና ወይም ዓባይ ዳር ወርዶ የሚያጥብም አይጠፋም። ይህን እንደ አማራጭ አልቆጥረውም። በሐይቁ ዳር ቢልሃርዝያ አለ፤ የሚተላለፈውም ውሃው ውስጥ የቆመን ሰው በቆዳ በመግባት ነው። ፎስፌት ያለበት ሳሙና ደግሞ ለእምቦጭ ማዳበሪያ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የከተማው ሳሙና እዚያ ባይደርስ ይመረጣል።

*ላቫጆ።* ፈጣን ነው፣ ውሃ አለው፣ ዋጋው መካከለኛ ነው። በኃይል የሚረጨው ውሃ ከእጅ ብሩሽ በላይ ሥር ይገባል፣ ሽንትና የተኛ ጭቃም ያወጣል። ችግሩ ማሽኑ የተሠራው ለቆርቆሮ መሆኑ ነው። አፈሙዙን አስጠግተው ከረጩ የፀጉሩን ሥር ይነቅለዋል፣ ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል። የተላቀቀ ምንጣፍ ጥጉ ሲታጠፍ ከጀርባው ነጭ ዱቄት ይረግፋል፣ ሲረገጥም ያብጥና ይሸበሸባል። ስለዚህ ማሽኑን የያዘው ልጅ ራቅ ብሎ፣ ውሃውን ዘርጋ አድርጎ፣ በፀጉሩ አቅጣጫ እንዲረጭ ቆማችሁ ንገሩት። ምንጣፉ የሚዘረጋበትን መሬትም እዩ፤ የመኪና ዘይት የፈሰሰበት ሲሚንቶ ላይ ነጭ ምንጣፍ አይዘረጋም። ሱፍና በእጅ የተሠራ ምንጣፍ ላቫጆ ባይሄድ እመርጣለሁ።

ላቫጆ ብዙውን ጊዜ አያደርቅም። ውሃው እየተንጠባጠበ ነው የምትረከቡት፤ የራሰ ትልቅ ምንጣፍ ደግሞ ለባጃጅም ለጀርባም ይከብዳል። ሦስተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ የሚኖር ሰው ይህን ሳያስብ ከሄደ ጣጣው የሚጀምረው ደረጃው ሥር ነው።

*ማሽን ይዘው ቤት የሚመጡ።* ማሽኑ ሙቅ የሳሙና ውሃ ይረጭና ወዲያው መልሶ ይመጥጠዋል፤ የተመጠጠው ጥቁር ውሃ በታንከሩ ይታያል። ወለሉ ላይ ለተለጠፈ ሞኬት፣ ለማይነሣ ትልቅ ምንጣፍና ለሶፋ ሌላ የተሻለ ነገር የለም። በደንብ ከተመጠጠ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደርቃል፤ መስኮት ተከፍቶ ማራገቢያ ከበራ ወደ ታችኛው ቁጥር ይጠጋል።

እዚህ ላይ የሠራተኛው ጥንቃቄ ከማሽኑ ይበልጣል። ሳሙናውን ረጭቶ አንዴ ብቻ የሚመጥ አለ፤ በንጹሕ ውሃ ደግሞ፣ ያለ ውሃም ሁለት ጊዜ መጥጦ የሚጨርስ አለ። ሲጨርስ መዳፋችሁን በኃይል ተጫኑበት፤ መዳፋችሁ ከረጠበና ከራሰ እንደገና ይምጠጥ። ሌላው መጠየቅ ያለበት ቀድሞ በቫኪዩም ይስበው እንደሆነ ነው። ይህን ዘሎ ቀጥታ ውሃ የሚረጭ ሰው አቧራውን ሥር አስተኝቶላችሁ ነው የሚሄደው።

*እንፋሎት።* ከእንፋሎቱ የሚጠበቀው ሙቀቱ ነው። ከ60 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት በደንብ ከነካቸው የአቧራ ነፍሳትና ትኋን ይሞታሉ፤ አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ለሚኖርበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቆሻሻ ግን አያወጣም፣ ያላላል እንጂ። ሱፍ ላይ ያኮማትራል፣ ማጣበቂያም ያለሰልሳል።

*ወስደው አጥበው የሚመልሱ።* አቧራ ማራገፊያ፣ ማጠቢያና ጨማቂ ማሽን፣ ከላይ የተከደነ ማድረቂያ ቦታ ያለው ቤት ካገኛችሁ ከሁሉም የተሻለው ይኼ ነው፤ ለሽንትና ለሱፍ ምንጣፍ በተለይ። ዋጋው ከፍ ይላል። ነገር ግን «ወስደን እናጥባለን» የሚለው ሁሉ ይህ የለውም፤ አንዳንዱ ከእናንተ ተቀብሎ ያው ላቫጆ ነው የሚያደርሰው። ሄዳችሁ ማድረቂያውን እዩ። በክረምት ጣራ የሌለው ማድረቂያ ያለው ቤት በጋ ይምጣ በሉት።

ስታስረክቡ ፎቶ አንሡ፣ ርዝመቱንና ስፋቱን አብራችሁ ለኩ፣ በጀርባው ጥግ ላይ ባለቀለም ክር ስፉበት። የቱርክ ምንጣፍ አበባው ተመሳሳይ ነው፤ የሌላ ሰው ምንጣፍ ተጠቅልሎ መምጣቱ ብርቅ አይደለም።

በአጭሩ

| መንገድ | የሚያወጣው | የማይሆነው ለ | መድረቂያ | ወጪ | በክረምት |
|---|---|---|---|---|---|
| ማራገፍና ቫኪዩም | አቧራ፣ አሸዋ፣ ፀጉር | ቅባት፣ ሽንት | የለውም | ዝቅተኛ | ይሆናል |
| ጓሮ ላይ በእጅ | አጠቃላይ ቆሻሻ | ግቢና በቂ ውሃ ለሌለው | በበጋ 1–2 ቀን | ዝቅተኛ፣ ጉልበት | አይሆንም |
| ላቫጆ | ጭቃ፣ ሽንት፣ የተኛ ቆሻሻ | ሱፍ፣ በእጅ የተሠራ፣ ማጣበቂያው ያረጀ | በበጋ 1–2 ቀን፣ በራስ | መካከለኛ | አይሆንም |
| የቤት ለቤት ማሽን | ቅባት፣ ቡና፣ የመርገጫ ጥቁረት | ጀርባ የደረሰ ሽንት | ከ6–24 ሰዓት | መካከለኛ–ከፍተኛ | ዝናብ ባረፈበት ቀን |
| እንፋሎት | ነፍሳት፣ ትኋን | ሱፍ፣ የቆሻሻ እጥበት | ጥቂት ሰዓት | መካከለኛ | ይሆናል |
| ወስዶ የሚመልስ | ሁሉንም ማለት ይቻላል | ማድረቂያው ላልታየ ቤት | በነሱ ኃላፊነት | ከፍተኛ | ጣራ ካለው ብቻ |

ለማን የቱ?

ተከራይ ሆኖ ግቢውን ከአከራይና ከሌሎች ጋር የሚጋራ ሰው፣ አነስተኛ ምንጣፍ ካለው በበጋ ላቫጆ ይበቃዋል፤ መስጫ ቦታውን ግን ቀድሞ ይጠይቅ። የልብስ ገመድ ሙሉውን በአንድ ምንጣፍ ሲያዝ የሚከተለውን ንትርክ ታውቁታላችሁ።

ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ገንዘቡን ለአንድ ሙሉ እጥበት ያስቀምጠው፤ ወስዶ ለሚመልስ፣ በዓመት አንዴ። በየሁለት ወሩ የቤት ለቤት ማሽን መጥራት ከላይ ያሳምራል እንጂ የጀርባውን ሽንት አይነካም። በመሀል አዲስ ሽንት ሲፈስ በጨርቅ መጥጦ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ አርሶ መጥጦ፣ መጨረሻ ላይ በውሃ የቀጠነ አቼቶ ነካ ማድረግ ነው።

ማኅበር የሚወጣበት፣ እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ትልቁ ችግሩ ቅባትና መርገጫው ላይ የሚጠቁረው መስመር ነው። ለዚህ ማሽኑ ይመረጣል፤ ሶፋው አብሮ ስለሚታጠብ ዋጋውም ይካካሳል። ፔንሲዮንና ቢሮም ሞኬት ካላቸው ያው ነው።

የወረሱትን የሱፍ ምንጣፍ የያዙ፣ አጣቢው ሱፍ አጥቦ እንደሚያውቅና በምን ሳሙና እንደሚያጥብ ጠይቁት። «በረኪና ጠብ እናደርግበታለን» ካለ ምንጣፉን ይዛችሁ ተመለሱ።

ብር ለሌለው፦ በሳምንት አንዴ ቫኪዩም ወይም መጥረጊያ፣ በወር አንዴ ገልብጦ መምታት፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር ጓሮ ላይ አንድ ጥሩ እጥበት። ይህን የሚያደርግ ቤት ለማሽን ብዙም አይደርስም።

ስለ ጊዜው አንድ የማይወደድ ነገር ልበል። ለእንቁጣጣሽ ብሎ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ምንጣፍ ማስነከር ልማዳችን ቢሆንም አልመክረውም። አጣቢው ሁሉ ወረፋ በዝቶበት የሚቸኩለው፣ ሰማዩም የማይታመነው ያኔ ነው። ለበዓሉ በደንብ አራግፉት፣ ነጠብጣቦቹን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ አንሡ፤ ሙሉውን እጥበት ከመስቀል በኋላ፣ ጥቅምት ፀሐዩ ሲጸና አድርጉት። ወረፋውም ይቀላል፣ ዋጋም ለመከራከር ይመቻል። ለፋሲካ ግን በመጋቢት ማሳጠብ ምንም ችግር የለውም።

ምንጣፉ ተመልሶ ሲመጣ ከመዘርጋታችሁ በፊት ደረቅ ሶፍት አጥፋችሁ ከጀርባው ጥግ ላይ አድርጉና በተረከዛችሁ ቆሙበት። ሶፍቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከረጠበ ሶፋውን አትመልሱበት፤ ሁለት ወንበር ላይ አጋድማችሁ ነፋስ ይግባበት። የሚረግፍ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ደግሞ ማጣበቂያው አልቋል ማለት ነውና ከዚህ በኋላ ውሃ አታስነኩት፤ እስኪቀየር ድረስ በቫኪዩም ብቻ ያዙት።